ሲምፓቴቲክ ነርቭን በተዘዋዋሪ የሚያነሣሡ መድኃኒቶችን ደረጃ በደረጃ የመለየትና የመመዘን መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለፋርማሲና ለሕክምና ተማሪዎች፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ለሚሠሩ ባለሙያዎችና በቀዶ ሕክምና ክፍል ለሚያገለግሉ የሰመመን ባለሙያዎች ነው። ሲምፓቴቲክ ነርቭ የሚባለው ሰውነትን ከፈቃዳችን ውጭ ለሥራና ለአደጋ የሚያነቃቃው የነርቭ ክፍል ነው። የመመሪያው ዓላማ አንድ ጥያቄን በአግባቡ መመለስ ማስቻል ነው፦ አንድ መድኃኒት የደም ግፊትን ከፍ ሲያደርግ፣ የልብ ምትን ሲያፋጥን ወይም የዓይን ብሌንን ሲያሰፋ፣ ሥራውን የሚሠራው ራሱ ነው ወይስ በነርቭ ጫፍ የተከማቸውን፣ ኖርአድሬናሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል እያሠራ ነው? መልሱ ለፈተና ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በተዘዋዋሪ የሚሠራ መድኃኒት ውጤቱ በነርቩ ውስጥ ባለው ክምችትና ያን ክምችት በሚነኩ ሌሎች መድኃኒቶች ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ለአንዱ ታካሚ ምንም ያልፈየደ የመድኃኒት መጠን (ልክ) ለሌላው የግፊት መናርንና በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስን ሊያስከትል ይችላል።

ደረጃ 1፦ የነርቩን ጫፍ በወረቀት ላይ ይሳሉ

የሲምፓቴቲክ ነርቭን ጫፍ እንደ አንድ ትልቅ ክብ ይሳሉ። ፊት ለፊቱ ነርቩ የሚያዝዘውን ጡንቻ ወይም ዕጢ ያስቀምጡና በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ይተዉ። በክቡ ውስጥ ታይሮሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ተነሥቶ ወደ ዶፓ፣ ከዶፓም ወደ ዶፓሚን የሚያመራ ቀስት ያስምሩ። የመጀመሪያውን ለውጥ የሚያካሂደው ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ የጠቅላላው ምርት ፍጥነት የሚወሰነው በእርሱ ነው። ዶፓሚን ቪማት በሚባለው አጓጓዥ ፕሮቲን አማካይነት ወደ ትናንሽ ከረጢቶች ይገባና እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ወደ ኖርአድሬናሊን ይለወጣል።

የነርቭ ምልክት ሲደርስ ካልሲየም ወደ ጫፉ ይገባል፤ ከረጢቶቹም ከነርቩ ሽፋን ጋር ተጣብቀው ይዘታቸውን ወደ ክፍተቱ ያፈስሳሉ። የፈሰሰው ኖርአድሬናሊን በጡንቻው ላይ ያሉትን አልፋና ቤታ ተቀባዮች (መልእክቱን የሚይዙ ፕሮቲኖች) ከነካ በኋላ አብዛኛው ኔት በተባለ አጓጓዥ በኩል ወደ ወጣበት ነርቭ ተመልሶ ይገባል። ተመልሶ ከገባው ውስጥ ከፊሉ እንደገና በከረጢት ይቀመጣል፤ የቀረውን ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ፣ በአጭሩ ማኦ፣ ይሰባብረዋል። ኮምት የተባለው ሌላው ኢንዛይም በይበልጥ የሚሠራው በጉበትና በሌሎች ሕዋሳት ውስጥ ነው። ኖርአድሬናሊን የሲምፓቴቲክ ነርቮች ዋና መልእክተኛ መሆኑን ስዊድናዊው ኡልፍ ቮን ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1946 አሳየ፤ መልእክቱ የሚያበቃው በዋነኛነት ኬሚካሉ ተመልሶ ሲገባ መሆኑን ያሳየው ደግሞ አሜሪካዊው ጁሊየስ አክስልሮድ ነው። ሁለቱ ከበርናርድ ካትስ ጋር የ1970ን የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የአክስልሮድን ግኝት ያልያዘ ተማሪ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ በጭፍን ለመሸምደድ ይገደዳል።

በሥዕሉ ላይ አራት ቦታዎችን በቀይ ያክብቡ፦ ከረጢቱን፣ ኔትን፣ ማኦን፣ እንዲሁም በነርቩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተጨማሪ ኖርአድሬናሊን እንዳይፈስ የሚገታውን አልፋ-2 ተቀባይ። በጡንቻው በኩል ያሉትን ተቀባዮች በሰማያዊ ያክብቡ። ሰማያዊውን የሚነካ መድኃኒት ቀጥተኛ ነው፤ ቀዩን የሚነካ ተዘዋዋሪ ነው።

ደረጃ 2፦ መድኃኒቱ ከቀዮቹ የትኛውን እንደሚነካ ይወስኑ

ክምችቱን አስወጪዎቹ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሹ በመሆናቸው ከእነርሱ ይጀምሩ። ታይራሚን፣ አምፌታሚን፣ ከጫት የሚገኘው ካቲኖን እና ለአፍንጫ መታፈን የሚሰጠው ሱዶኤፌድሪን እዚህ ይመደባሉ። ኤፌድሪን ክምችቱንም ያስወጣል፣ ተቀባዩንም በመጠኑ በቀጥታ ይነካል፤ ስለዚህ ድብልቅ ይባላል። እነዚህ ሞለኪውሎች በቅርጻቸው ኖርአድሬናሊንን ስለሚመስሉ ኔት አሳልፎ ያስገባቸዋል። ከገቡ በኋላ በቪማት በኩል ወደ ከረጢቱ ዘልቀው ኖርአድሬናሊኑን ከቦታው ያፈናቅሉታል፤ ከከረጢቱ ውጭ የተጠራቀመው ኖርአድሬናሊንም በዚያው በኔት በኩል፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ክፍተቱ ይወጣል። ይህ አወጣጥ የነርቭ ምልክትንም ሆነ ካልሲየምን አይጠብቅም። ነርቩ ጸጥ ባለበት ሰዓት እንኳ መልእክቱ ይተላለፋል ማለት ነው።

በዚህ ምድብ ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል። ታይራሚን በአንጀትና በጉበት ባለው ማኦ በቀላሉ ስለሚሰበር፣ በምግብ ውስጥ የበላነው ታይራሚን በጤናማ ሰው ላይ ምንም አያደርስም። አምፌታሚን፣ ኤፌድሪንና ካቲኖን ግን በአልፋ ካርቦናቸው ላይ አንድ የሜቲል ቡድን ስላላቸው ማኦ ሊሰብራቸው አይችልም፤ በአፍ ተወስደው የሚሠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

መልሶ መግባትን የሚያግዱት፣ ማለትም ኔትን የሚዘጉት፣ ሌላው ምድብ ናቸው። ኮኬይን፣ ሜቲልፌኒዴት፣ አቶሞክሴቲን፣ ለድብርት የሚታዘዙት ኢሚፕራሚን፣ አሚትሪፕቲሊንና ቬንላፋክሲን እዚህ ይገባሉ። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ትራማዶልም ከኦፒዮይድነቱ (ሞርፊንን የመሰለ ከመሆኑ) በተጨማሪ የኖርአድሬናሊንንና ሴሮቶኒን የተባለውን ሌላ የነርቭ መልእክተኛ መልሶ መግባት ያግዳል፤ ብዙ ሰው ይህን ጎኑን ይዘነጋዋል። የዚህ ምድብ መድኃኒቶች ነርቩ ራሱ ያፈሰሰውን ኖርአድሬናሊን በክፍተቱ ውስጥ ያቆዩታል እንጂ ራሳቸው አያስወጡትም።

ስብራትን የሚያግዱት የማኦ አጋጆች ሲሆኑ፣ ፌኔልዚንና ትራኒልሲፕሮሚን ማኦን ለዘለቄታው ያሰናክሉታል፤ ሞክሎቤማይድ ግን ተመልሶ ይለቅቀዋል። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡት ሴሌጂሊንና ራሳጂሊን በተለመደው ልካቸው ማኦ-ቢ የተባለውን ዓይነት ይመርጣሉ። ከአንቲባዮቲኮች መካከል ደግሞ ሊነዞሊድ ደካማና የሚለቅቅ የማኦ አጋጅ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። አልፋ-2ን የሚዘጉት፣ ለምሳሌ ዮሂምቢን፣ በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ እንዳሉ ማወቁ ለጊዜው ይበቃል።

ደረጃ 3፦ በሦስት ጥያቄዎች ይፈትኑ

መድኃኒቱን ከየት እንደሚመድቡት ካላወቁ ወይም ምደባዎን ማረጋገጥ ከፈለጉ የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁ።

ክምችቱ ቢሟጠጥ ይሠራል? ሬዘርፒን ቪማትን ስለሚዘጋ ከረጢቶቹን ባዶ ያስቀራቸዋል። በርንና ራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳሳዩት፣ ሬዘርፒን በተሰጣቸው እንስሳት ላይ ታይራሚን ግፊትን የመጨመር ኃይሉን ያጣል፤ ኖርአድሬናሊን ግን እንዲያውም ከወትሮው ይበረታል።

ኔት ቢዘጋ ይሠራል? ኮኬይን ወይም አሚትሪፕቲሊን ኔትን ሲዘጋው ታይራሚን መግቢያ ስለሚያጣ ውጤቱ ይቀንሳል። ከውጭ የተሰጠው ኖርአድሬናሊን ወይም አድሬናሊን ግን መውጫውን ስለሚያጣ በክፍተቱ ውስጥ ይቆይና ውጤቱ ይጨምራል። የአሚትሪፕቲሊን ታካሚ ጥርሱን ሲነቀል አድሬናሊን የተቀላቀለበት ማደንዘዣ በጥንቃቄና በአነስተኛ መጠን የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ነርቩ ቢቆረጥ ይሠራል? ነርቩ ከሞተ ክምችቱም ስለሌለ ተዘዋዋሪው መድኃኒት ከንቱ ይሆናል። ጡንቻው ግን መልእክት ሲናፍቅ ተቀባዮቹን ስለሚያበዛ ለቀጥተኛው መድኃኒት ከበፊቱ ይልቅ ይነቃል።

ለሦስቱም ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ «ውጤቱ ይጠፋል ወይም ይቀንሳል» ከሆነ መድኃኒቱ ክምችት አስወጪ ነው። ኮኬይንን የመሰሉት ኔት ዘጊዎች በመጀመሪያውና በሦስተኛው ይወድቃሉ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ግን የሚመለከተው እነርሱ ራሳቸው የሚሠሩትን ሥራ ስለሆነ ለእነርሱ አይጠየቅም።

ደረጃ 4፦ በዓይን ላይ ይመልከቱት

እነዚህ ጥያቄዎች በሕያው ሰው ላይ ሲመለሱ ማየት የሚቻለው የሆርነር ሕመም በተጠረጠረበት ታካሚ ላይ ነው። ወደ ዓይን የሚሄደው የሲምፓቴቲክ ነርቭ በአንድ ወገን ሲጎዳ፣ በዚያ በኩል ያለው ብሌን ይጠብባል፣ የላይኛው የዓይን ቆብም በመጠኑ ይወርዳል። በሁለቱም ዓይኖች ላይ የኮኬይን ጠብታ ይደረግና አንድ ሰዓት ያህል ተጠብቆ ብሌኖቹ ይለካሉ። ጤነኛው ብሌን ይሰፋል፤ ምክንያቱም ነርቩ ሳያቋርጥ የሚያፈስሰው ኖርአድሬናሊን መመለሻው ተዘግቶበት ይጠራቀማል። የታመመው ግን የፈሰሰ ነገር ስለሌለው አይሰፋም፣ ወይም ከጤነኛው እጅግ ያነሰ ይሰፋል። ሁለቱ ብሌኖች በመጠን ይበልጥ ከተራራቁ ሕመሙ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ጉዳቱ ያለው ከመጨረሻው የነርቭ ሕዋስ በፊት ነው ወይስ በእርሱ ላይ የሚለውን ለመለየት ሃይድሮክሲአምፌታሚን ጥቅም ላይ ይውላል። ይህ ክምችት አስወጪ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ሕዋስ ደህና ከሆነ ትእዛዝ ባይደርሰውም ክምችቱ ስላለ ብሌኑ ይሰፋል፤ ሕዋሱ ከሞተ ግን አይሰፋም። ሁለቱን ጠብታዎች በአንድ ቀን መስጠት አይገባም። ኮኬይኑ ኔትን ዘግቶ ስለሚቆይ ሃይድሮክሲአምፌታሚኑ ወደ ነርቩ ሊገባ አይችልምና ምርመራው የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ ስለዚህ በመካከላቸው ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ከተቻለም ሁለትና ሦስት ቀን ይጠበቃል። የደረጃ 3ን ሁለተኛ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ደረጃ 5፦ ታካሚውን ይጠይቁ

መድኃኒቱን ከመስጠትዎ በፊት ታካሚው ሌላ ምን እንደሚወስድ ይጠይቁ፤ ጥያቄው ግን «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» በሚል ብቻ መቆም የለበትም። ሰዎች የጉንፋን ሽሮፕን፣ ከስፖርት ቤት የተገዛ የክብደት መቀነሻን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫትን እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትም። «ጫት ይቅማሉ? መጨረሻ የቃሙት መቼ ነው? ምን ያህል?» ብለው በቀጥታ፣ ያለ ነቀፋ ይጠይቁ። በተቆጣ ፊት የተጠየቀ ሰው ይክዳል፤ የሚጎዳውም እርሱ ራሱ ነው።

ጫት እዚህ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። በትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በኬሚካዊ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ ነው። አሠራሩ የአምፌታሚን ዓይነት ሲሆን የኖርአድሬናሊንንና የዶፓሚንን ክምችት ያስወጣል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ነጋዴዎች ጫቱን በኮባ ጠቅልለው፣ እርጥበቱን ጠብቀው፣ በዚያው ቀን ገበያ ለማድረስ የሚጣደፉትም ኃይሉ ከትኩስነቱ ጋር ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ «ትኩስ ነበር ወይስ ያደረ?» የሚለው ጥያቄ የመጠን ጥያቄ ነው። ምርቃና የሚባለው ስሜት ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሲሆን፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የግፊት መጨመር፣ የብሌን መስፋትና ሽንት ለመሽናት መቸገር ግን ከነርቭ ጫፍ የወጣው ኖርአድሬናሊን የሚያሳያቸው ምልክቶች ናቸው። የሽንቱ ችግር የሚመጣው በፊኛው አንገት ላይ ያለው አልፋ-1 ተቀባይ ሲነካ ስለሆነ፣ ፕሮስቴታቸው ያበጠ አባቶች ከቃሙ በኋላ ሽንት ቢዘጋባቸው ሊያስገርም አይገባም። ግፊቱ በሦስት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ያለ ታካሚ በገጠመዎት ጊዜም አራተኛ ከመጨመርዎ በፊት ስለ ጫት ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ የሰበሰቡትን በአንድ ሥዕል ላይ ያኑሩ

ይህን በአንድ ምሳሌ እንየው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት ሰው በቀን 600 ሚሊ ግራም ሊነዞሊድ የሚገኝበትን የስድስት ወር ሕክምና ጀምሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አጭር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2022 መክሯል። ሰውየው ጉንፋን ይዞት ሱዶኤፌድሪን ያለበት ሽሮፕ ሊገዛ መጥቷል። ሲጠየቅ ለወገብ ሕመሙ ትራማዶል እንደሚወስድና ቅዳሜ ከሰዓት ጫት እንደሚቅም ይናገራል።

በሥዕሉ ላይ ሊነዞሊድን በማኦ ላይ ያስቀምጡ፤ ስብራት ቀንሷል፣ ክምችቱም ከወትሮው ሞልቷል። ሱዶኤፌድሪንን በከረጢቱ ላይ ያስቀምጡ፤ የሞላውን ክምችት ሊያስወጣ ነው። ግፊታቸው ጤናማ በሆነ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት ሁለቱ አብረው ሲሰጡ የላይኛው ግፊት በአማካይ እስከ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ጨምሯል፤ እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲሰጡ የታየው ጭማሪ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በዚያው ጥናት በሱዶኤፌድሪን ፈንታ ፌኒልፕሮፓኖላሚን ሲሰጥ ጭማሪው 38 ደርሷል። ይህን ቁጥር ያነሣሁት በምክንያት ነው፦ ፌኒልፕሮፓኖላሚን የሚባለው ኖርኤፌድሪን ሲሆን፣ ካቲኖንም በጉበት ሲለወጥ የሚሆነው ኖርኤፌድሪን ነው። ስለዚህ ጫቱ ከሽሮፑ ያነሰ ሥጋት አይደለም። ትራማዶሉ በበኩሉ ኔትን ከመዝጋቱ በላይ ሴሮቶኒንንም ስለሚያበዛ፣ ከሊነዞሊድ ጋር ሲደረብ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳትና የአእምሮ መረበሽ የሚታይበትን የሴሮቶኒን መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

የሚደረገው እንግዲህ ይህ ነው። ሽሮፑ አይሰጠውም፤ አፍንጫው በጨው ውኃ ጠብታ ይታጠባል፣ ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ትራማዶሉን በሌላ እንዲለውጥለት ካዘዘው ሐኪም ጋር ይነጋገራሉ። ጫቱን ሕክምናው እስኪያልቅ እንዲተው በግልጽ ይነገረዋል፤ ግፊቱም ይለካል። ሊነዞሊዱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ በጥብቅ ያስገንዝቡት፤ የጉንፋን መታፈን ያልፋል፣ የተቋረጠ የቲቢ ሕክምና ግን ሕይወት ያስከፍላል።

አንድ ወጥመድ አለ። በአፍ የሚወሰድ ፌኒልኤፍሪን ቀጥተኛ ስለሆነ ምንም አያደርግም ብለው እንዳይተኩት። እርሱን በአንጀት ግድግዳ የሚሰብረው ማኦ ስለሆነ፣ ማኦ ሲታገድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በብዙ ይጨምራል። በደም ሥር በሚሰጥ ኖርአድሬናሊን ላይ ግን የማኦ አጋጆች የሚያሳድሩት ተጽዕኖ መጠነኛ ነው፤ ምክንያቱን በደረጃ 1 ላይ አክስልሮድ ነግሮናል።

ፌኔልዚንን የመሰለ የማይለቅቅ አጋጅ የሚወስድ ሰው የቆየ ጠንካራ አይብ ወይም ተብላልቶ የደረቀ ሥጋ ቢበላ፣ ታይራሚኑ በአንጀት ሳይሰበር ያልፍና ወደ ነርቭ ጫፎች ይደርሳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ባሪ ብላክዌል እ.ኤ.አ. በ1963 ያስጠነቀቀው ይህንኑ አደጋ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲታዘዝላቸው የምግብ ዝርዝር አብሮ ካልተሰጣቸው ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ሲደጋገም ምን እንደሚሆን አስቀድመው ያስቡ

በወገብ ማደንዘዣ በምትወልድ እናት ላይ ግፊት ሲወርድ ኤፌድሪን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር መስጠት የቆየ አሠራር ነው። የመጀመሪያው ልክ ግፊቱን ጥሩ አድርጎ ያነሣዋል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የተደገመው ያነሰ ያነሣል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ደግሞ የልብ ምቱን ከማፋጠን በቀር ግፊቱን ብዙም አይለውጡትም። ለመውጣት ዝግጁ የነበረው ክምችት አልቋል፣ ምርቱም በዚያ ፍጥነት ሊተካው አይችልም። በዚህ ጊዜ ኤፌድሪንን መደጋገም ከንቱ ስለሆነ፣ ተቀባዩን በቀጥታ ወደሚነካው ፌኒልኤፍሪን ወይም ኖርአድሬናሊን መዛወር ይገባል። ለብዙ ጊዜ አምፌታሚን የተጠቀመ ሰውም ክምችቱ የተመናመነ ሊሆን ስለሚችል ለኤፌድሪን መልስ ላይሰጥ ይችላል። የማኦ አጋጅ በሚወስድ ታካሚ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ክምችቱ ስለሞላ ኤፌድሪን ፈጽሞ አይሰጥም፣ ቀጥተኛውም ከአነስተኛ ልክ ተጀምሮ ግፊቱ እየታየ ይጨመራል።

ደረጃ 8፦ ግፊቱ ከናረ

ድንገተኛ፣ ማጅራትን የሚሰነጥቅ ራስ ምታት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የደረት ሕመም ወይም የእይታ መደብዘዝ ከታየ ታካሚው ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። በአምፌታሚን ወይም በኮኬይን ለተረበሸ ሰው በቅድሚያ የሚሰጠው ዳያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ ሲሆን፣ ሰውነቱ ከጋለ ማቀዝቀዝ ይከተላል። ግፊቱን ለማውረድ አልፋ ተቀባይን የሚዘጋው ፌንቶላሚን ከአሠራሩ ጋር የሚገጥም መድኃኒት ነው። ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ ቤታ አጋጅ ለብቻው መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ የደም ሥርን የሚያሰፋው ቤታ-2 ተዘግቶ፣ የሚያጠብበው አልፋ-1 ከነሙሉ ኃይሉ ስለሚቀር ግፊቱ ይበልጥ ሊንር ይችላል።

ታካሚው ሲወጣ በካርዱ ላይ የትኛውን አጋጅ እንደወሰደና መቼ እንዳቆመ በቀን ይጻፍ። የማይለቅቅ የማኦ አጋጅ ያቆመ ሰው አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራለት ድረስ፣ ማለትም ለ14 ቀናት፣ ክምችት አስወጪ መድኃኒት አይወስድም። ሊነዞሊድ ላቆመ ሰው ግን አጋጁ ከሰውነት እንደወጣ ኢንዛይሙ ወደ ሥራው ስለሚመለስ፣ ከመጨረሻው ልክ በኋላ የሚጠበቀው 24 ሰዓት ያህል ነው።